አቤት ያላለችው እሌኒ

ሙሽራ ስም ሳይወጣላት አንድ ዓመት ሙሉ ባል ቤት ኖረች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ኖረች። ያውም ሎንዶን፣ ብሪክስተን ሰፈር፣ ካውንስል የሚሉት ማዘጋጃ ቤት በሰጣቸው ፍላት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ሲፈልግ በሚሠራበት ሲፈልግ በሚያኮርፍበት ሕንፃ። ስሟ እሌኒ ነው፣ የድሬዳዋ ልጅ። ባሏ ሳህሉ ይባላል፤ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ይቆርጣል፣ ረጋ ያለ፣ እናቱን የሚፈራ፣ ሚስቱንም የሚፈራ፣ በሁለቱ መሃል ቀጭን የሆነ ልጅ ነው። የተጋቡት ሪጅስትሪ ኦፊስ ሄደው፣ ሁለት ምስክር አቁመው፣ ፈርመው ነው። ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና ቺፕስ ገዝተው አውቶቡስ ማቆሚያ ሥር ቆመው በሉ። ሠርጉ ይኸው ነው። እልል ያለም የለ።

ታዲያ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሳህሉ እናት እትዬ አልታየሽ ለዓይናቸው ሕክምና ተብሎ ሎንዶን መጡ። ያኔ ከደርግ እጅ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ከጅብ አፍ ሥጋ መንጠቅ ነበር። እሳቸው ነጠቁ። ዓይናቸው ደክሟል ይባል እንጂ ነገር ለማየት ሲሆን ምንም አይሳናቸውም። ገና ኤርፖርት ላይ ምራታቸውን ስመው፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አይተው ሲያበቁ፣

"ስምሽ ማነው ልጄ?" አሉ።

"እሌኒ እባላለሁ እማማ።"

"እሱማ የእናትሽ ቤት ስም ነው። የኛን ቤት ስም ነው የምጠይቅሽ።"

ሳህሉ ሻንጣውን አነሳ። አስቀመጠው። እንደገና አነሳው።

በሳቸው አገር ወግ፣ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ድፎ ዳቦ ይጋገራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አማቲቱ ስሙን ሦስት ጊዜ ትጠራለች፣ ሙሽራይቱ "አቤት" ትላለች። አቤት ስትል ያኔ ዳቦው ይቆረሳል። አቤት ሳይባል ቢላ ዳቦው ላይ አያርፍም፣ እንግዳ ቢራብ እንኳን። ከዚያ ወዲያ የድሮ ስሟን የሚጠራት የለም፤ ባልም፣ ጎረቤትም፣ ልጆቿም በአማቷ ስም ነው የሚያውቋት። ሳህሉ ይህን ወግ እናቱ ከአዲስ አበባ የማትነሳ መስሎት ለሚስቱ አልነገራትም ነበር። ወንድ እንዲህ ነው፤ ዝናብ ራሱ ላይ እስኪወርድ ጣራ አያይም።

እትዬ አልታየሽ ፍላቱን ዞረው አዩ፣ መኝታ ቤቱን ያዙ፣ ልጅና ምራትን ሳሎን ሶፋ ላይ ጣሉና በሦስተኛው ቀን ስሙን ይዘው ብቅ አሉ።

"ጸሃይነሽ ብዬሻለሁ።"

እሌኒ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ መስሏል። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ለሳህሉ በሹክሹክታ፣ "በዚህ አገር ጸሃይነሽ? ደመናነሽ ብትለኝ እኮ ይሻላል" አለችው።

"ሰማሁሽ" አሉ እትዬ አልታየሽ ከሳሎን። "የታመመው ዓይኔ ነው።"

የሚገርመው፣ አማትና ምራት ጠበኞች አልነበሩም። ይዋደዱ ነበር ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ሳህሉ ሥራ ሲገባ ሁለቱ ሽንኩርት እየላጡ ይጫወታሉ። እትዬ አልታየሽ ወሬ ሲያወሩ አፍ ያስከፍታሉ። አንድ ቀን የቀበሌውን ነገር አጫወቷት።

"ሊቀመንበሩ፣ ትናንት ጫማ ሲጠግን የነበረ፣ ስብሰባ ላይ ተነሳና 'ጓድ አልታየሽ' ብሎ ጠራኝ። ዝም። 'ጓድ አልታየሽ አልመጣችም?' ዝም። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እኮ ነው። ሰዉ ጎኔን ይጎሽመኛል፣ ኧረ አቤት በይ፣ ታስጨርሺናለሽ ይለኛል። ኋላ ሰልችቶት 'ወይዘሮ አልታየሽ' አለ። 'አቤት' አልኩት።"

"ምንም አላደረገዎትም?"

"ሁለት ወር የስኳር ራሽን አስቀረብኝ። ሻዬን በጨው ጠጣሁ። በጨውም እኮ ይጠጣል።" ሽንኩርቱን ትተው ጣታቸውን ቀሰሩ። "ስሚ ልጄ። ስም የጠሪው አይደለም። ስም የአቤት ባዩ ነው። አቤት ካላልሽ ማንም አዲስ ስም ሊለጥፍብሽ አይችልም።"

እሌኒ በሳቅ እንባዋ ወረደ። ሽንኩርቱም አግዟታል። ያቺን ቃል ግን ሳቋ ሲያበቃ አልጣለቻትም፤ ጠቅልላ አስቀመጠቻት።

ሥራዋ ክላፋም ነው፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ። እንፋሎቱ ፊት ይቀቅላል። እዚያ አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች ነገር ለብቻው ጨዋታ ነው። አየርላንዳዊቷ ሄለን አለች። ፖላንዳዊቷ ሌና አለች፣ ወረቀቷ ላይ ሄሌና ነው የሚለው። ከኮሎምቢያ የመጣችው ኤሌና አለች። የቆጵሮሷ ትልቋ እሌኒ አለች፣ ሁሉም "ኪርያ" የሚሏት፣ በነሱ ቋንቋ ወይዘሮ እንደማለት ነው። አምስተኛዋ የኛይቱ ናት። ሱፐርቫይዘሩ "ሄለን" ብሎ ሲጮህ አምስት ራስ ይዞራል። አምስቱም እየሰሙ አምስቱም እንዳልሰሙ መሆንም ይችላሉ፤ አንሶላው ብዙ የሆነ ቀን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

እሌኒ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛ፣ ኪርያ ሌላውን ይዛ፣ እያጠፉ የጸሃይነሽን ነገር ነገረቻት። ኪርያ አንሶላውን ለቀቀችው።

"አማትሽ ስምሽን ልትወስድ? እኛ ዘንድ አማት ስሟን ትሰጣለች እንጂ አትወስድም። የልጄ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የኔን ስም ነው የያዘችው። የሁለተኛው ልጄም ሴት ልጅ እሌኒ ናት፣ የሦስተኛውም። እሁድ ለምሳ ስጣራ ቤቱ ሁሉ ይመጣል።"

"ስሙ ምን ማለት ነው በናንተ?"

"አያቴ ችቦ ማለት ነው ትለኝ ነበር። መምህሩ ደግሞ የለም፣ ብርሃን ነው ይላል። ቄሱ ሌላ ይላል። ማን ያውቃል፣ አሮጌ ነው፣ ከክርስቶስ በፊት ነበር። ብቻ ከኛ ነው የወጣው። ኋላ የንጉሡ እናት፣ መስቀሉን ያገኘችው፣ በዚያ ስም ተጠራችና በመስቀሉ እግር ዓለሙን ዞረ።" ወደ ሌሎቹ በአገጯ ጠቆመች። "እያንዳንዱ አገር እየቆረጠ ወሰደው። አየርላንዳዊቷ ጭራውን ቆርጣ ጣለች። ፖላንዳዊቷ ራሱን ጥላ ጭራውን ያዘች። አንቺ ግን ከዚያ ሁሉ በረሃ ማዶ መጥተሽ፣ እኔ እንደምጠራው አድርገሽ ጠራሽልኝ። የመጀመሪያ ቀን ስምሽን ስትነግሪኝ ከመንደሬ የመጣሽ ነበር የመሰለኝ። ታስታውሻለሽ? አለቀስኩ።"

ታስታውሳለች። ያን ቀን እንፋሎት ነው ብላ ነበር።

"ያን ሁሉ መንገድ ሳይሰበር መጥቶ አሁን ብሪክስተን አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሰበር?" አለች ኪርያ። "አንሶላውን ያዢ።"

አሁን ኂሩት ትምጣ። ኂሩት ዋይት ሲቲ ነው የምትኖረው፣ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ማለት ነው። ወሬ ሲይዛት ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን፣ ከች ነው። ወሬ ትኩሱን ካልተበላ ይበላሻል ባይ ናት። እሷም የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች የእሌኒን እናት ታውቃለች። እሌኒ ሥራ ላይ ሳለች መጥታ ከእትዬ አልታየሽ ጋር ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ጉዱን ዘረገፈችው። የእሌኒ እናት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የግሪክ ነጋዴ ቤት ልብስ አጣቢ ነበሩ። የነጋዴው ሚስት እሌኒ ትባል ነበር። ልጅቱም በሷ ተሰየመች።

"ስሙስ እሺ ይሁን" አለች ኂሩት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው ሳይኖር። "አፍንጫዋን ልብ ብለው አይተውታል?"

እትዬ አልታየሽ ዓይናቸው ቢደክምም ያን ዕለት ማታ ምራታቸውን አፍንጫዋን ሲያዩ አመሹ። እራት ላይ ነገሩን አወጡት።

"አባትሽ ማነው ልጄ?"

"አቶ ኪዳኔ። ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበሩ። አፍንጫዬም የሳቸው ነው።" እሌኒ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ኂሩት መጥታ ነበር አይደል?"

ሳህሉ ከሳህኑ ቀና አላለም።

"ስምሽስ የማን ነው?" አሉ እትዬ አልታየሽ። "የግሪክ ሚስት ስም ተሸክመሽ ነው ቤቴ የገባሽው?"

"ቢሆንስ?"

 ታችኛው ፎቅ ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ሲዘፍን ይሰማል።

"ልንገርዎት" አለች እሌኒ። "እናቴ ነገረኛ ነበረች፣ እንደ እርስዎ። የወለደችኝ በደመራ ዋዜማ ነው። ቄሱ ለምን እሌኒ አልሻት ሲሏት፣ 'ዕጣን አጢሳ መስቀሉን ላገኘችው ለቅድስት እሌኒ ነው አባቴ' አለቻቸው። ባረኳት። ማዳሟ ስትጠይቃት፣ 'ለእርስዎ ነው እመቤቴ' አለቻት። ማዳሟ ደስ ብሏት የወርቅ ጉትቻ ሰጠቻት። ጎረቤቶች ሲጠይቋት፣ 'ለንግሥቲቱ ነው፣ ልጄ ንግሥት ትሆናለች' አለቻቸው። ተናደዱ። እኔ ስጠይቃት ደግሞ፣ 'አፌ ላይ ስለጣመኝ ነው' አለችኝ። እንግዲህ የፈለጉትን ይውሰዱ።"

እትዬ አልታየሽ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙት። "ጉትቻውስ?" አሉ።

"ኬላ ላይ ወሰዱት። በባቡር ወደ ጅቡቲ ስወጣ። ጉትቻውንም፣ ሻንጣውንም፣ የአባቴን ሰዓትም ወሰዱ።" እሌኒ የሳህኗን ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። "እናቴ ጣቢያው ላይ ቆማ ነበር። ባቡሩ ሲነሳ ስሜን እየጠራች ሮጠች። ወታደር አለ፣ ቀበሌ አለ፣ መሸኘት አይፈቀድም፤ እሷ ግን ምን ገዷት። እሌኒ እሌኒ እያለች እስከ መብራቱ ምሰሶ ድረስ። እኔ ወታደሮቹ ይይዙናል ብዬ ፈርቼ አቤት አላልኳትም። ዓመት ሳይሞላ ሞተች።"

ማንም አልበላም።

"ስለዚህ እማማ፣ አቤት ልላት የሚገባኝ አንድ ጥሪ ዕዳ አለብኝ። ለሌላ ስም አቤት ካልኩ ያኛው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።"

እትዬ አልታየሽ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ነፍሷን ይማር አሉ፣ ከልባቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሙ።

"እኔም አማቴ ሰይማኛለች፣ አማቴንም አማቷ። ወጉ እኔ ላይ ደርሶ አይቆምም። ድፎው ለእሁድ ነው። ሰው ጠርቻለሁ።"

ሳህሉ ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ተገላበጠ። "አንድ ቀን ብቻ አቤት በያት። ከዚያ ትሄዳለች። ማን ያውቅብሻል?"

"እኔ።"

"ለኔ ስትይ።"

"አንተ ማን ብለህ ነው የምትጠራኝ ሳህሉ?"

"እሌኒ ነዋ።"

"ከእሁድ በኋላስ ማን ልትለኝ ነው?"

ሳህሉ ጀርባውን ሰጣት። ትንሽ ቆይቶ በጨለማው ውስጥ፣ "እኔ እንጃ፣ አንዳንዴ 'ስሚ' ብልሽስ?" አለ። ሳቋን በትራሱ አፈነችው፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

እሁድ መጣ። እትዬ አልታየሽ ኮባ አጥተው ብሪክስተን ገበያ ከጃማይካዊቷ ነጋዴ የሙዝ ቅጠል በምልክት ተጨቃጭቀው ገዝተዋል፤ ድፎው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጋዝ ምድጃው ውስጥ ሲበስል ሽታው ደረጃውን ሁሉ ወርዶ ጎረቤቱን አስወጣ። ሳሎኑ ሞላ። ኂሩት በማለዳ ደርሳ ጥሩውን ወንበር ይዛለች። አቶ ተስፋጋብር መጡ፤ አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ሎንዶን የደረሱ፣ ነገር ሲቋጠር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። እሌኒም በበኩሏ ሰው ጠርታ ነበር፤ አራቱ የላውንደሪ ሴቶች በየባርኔጣቸው፣ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው፣ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆሙ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አሉ እትዬ አልታየሽ።

"እሌኒ፣ ሄለን፣ ሌና፣ ኤሌና" አለች እሌኒ።

እትዬ አልታየሽ አንድ በአንድ አዩዋቸው። "ሁሉም የግሪክ ዘመድ ናቸው በይኛ" አሉ፤ ኂሩት ሳቀች፣ ኪርያም ሳይገባት አብራ ሳቀች።

አቶ ተስፋጋብር መረቁ። ውለዱ ክበዱ አሉ፣ አገራችሁ ያግባችሁ አሉ፣ አሜን ተባለ። ድፎው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቢላው አጠገቡ። እትዬ አልታየሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እሌኒ መሃል ላይ ወንበር ተደርጎላት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ጸሃይነሽ።"

እሌኒ ድፎውን አየችው። ጥሩ ነፍቷል።

"ጸሃይነሽ" አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሳህሉ አሳለው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የፖላንዷ ሌና ወደ ኪርያ ጠጋ ብላ ምንድነው የሚደረገው ስትላት ኪርያ፣ "ዝም በይ፣ ጦርነት ነው" አለቻት።

"ጸሃይነሽ!"

ዝም። ዝምታው ረዘመ። ከመርዘሙ የተነሣ የድፎው ቅርፊት ሲቀዘቅዝ ጠሽ ሲል ተሰማ። ኂሩት አንገቷን እንደ ሰጎን መዝዛለች፤ ይህን ወሬ ይዞ ለመሄድ ሁለት አውቶቡስ ያንሰዋል።

"ደንቆሮ ነሽ?" አሉ እትዬ አልታየሽ።

"አይደለሁም እማማ" አለች እሌኒ፣ በትሕትና፣ ከወንበሯ ሳትነሣ። "ሊቀመንበሩ ፊት ቁጭ ብለው የነበሩትም ደንቆሮ አልነበሩም።"

የቀበሌውን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ እትዬ አልታየሽ በመጡ በሳምንቱ ለሁሉም አውርተውታል። ከኋላ አንድ ሰው ፈነዳ። ሳቁን ወደ ሳል ለመቀየር ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"ያ ደርግ ነው!" አሉ እትዬ አልታየሽ። "እኔን ከደርግ ጋር ልታስተካክዪኝ ነው?"

"እርስዎን ከማንም አላስተካክልም። ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። ስም የአቤት ባዩ ነው ብለውኛል፣ ሽንኩርት እየላጥን።"

አቶ ተስፋጋብር ነገሩ ሳይበላሽ ልግባበት ብለው እጃቸውን አነሡ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ንግሥት እሌኒ ራሷ፣ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የነበረችው፣ ከሐድያ ቤት መጥታ ስታገባ ነው ይህን ስም ያገኘችው ይባላል። ስም መቀየር ውርደት አይደለም። ንግሥትም ተቀይሮላታል።"

"ታዲያ!" አሉ እትዬ አልታየሽ፣ በድል ዓይን ዙሪያውን እያዩ። ኂሩትም "ታዲያ" አለች።

እሌኒ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "የድሮ ስሟ ማን ነበር ጋሼ?"

አቶ ተስፋጋብር አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ወደ ጣራው አዩ። "እሱን እንኳን... አላውቀውም።"

"ይኸው" አለች እሌኒ።

ከዚህ በላይ ብትናገር ይበላሽ ነበር። አልተናገረችም። አማቷን ብቻ አየቻቸው፣ ያለ ቁጣ።

"እማማ፣ አልታየሽ ማን ያወጣልዎት ስም ነው?"

"አማቴ ናት። ተናግሬያለሁ።"

"ከዚያ በፊትስ? እናትዎ ማን ይሉዎት ነበር?"

ሳህሉ እናቱን አየ። ያኔ ነው የገባው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ የገዛ እናቱን ስም አያውቅም። አልጠየቀም። ማን ይጠይቃል?

"ምን ያደርግልሻል እሱ" አሉ እትዬ አልታየሽ። ድምፃቸው ወርዷል። "ልጅ ነበርኩ። ጡቴ እንኳን በቅጡ አልወጣ። ዳቦው ሲቆረስ ርቦኝ ስለነበር ነው አቤት ያልኩት። በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሁሉ ሞተዋል። የሚያውቀው የለም።"

"እርስዎ አሉ።"

 እትዬ አልታየሽ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

"ዕፀገነት" አሉ፣ ለመሬቱ ነው የነገሩት።

አቶ ተስፋጋብር ጨዋ ሰው ናቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉና ልክ ደጅ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው፣

"ወይዘሮ ዕፀገነት" አሉ።

ዝም።

"ወይዘሮ ዕፀገነት።"

ሦስተኛውን የጠራችው እሌኒ ናት። "እማማ ዕፀገነት።"

"አቤት።"

የወጣው ድምፅ የሳቸው አይመስልም። ከወንዝ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ እናቷ ከደጅ የጠራቻት ልጅ ድምፅ ነው። ሳህሉ ማን ተናገረ ብሎ ዞር ዞር አለ። ኂሩት እንኳን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለአንድ አፍታ የምትለውን አጣች።

መጀመሪያ የነቁት ራሳቸው ናቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቁጣ አስመስለው ጠረጉት።

"ምን ታፈጣላችሁ? ሰው አላያችሁም? አቤት ሳይባል ዳቦ አይቆረስም አልን። አቤት ተብሏል። እኔ ብያለሁ። ቢላውን ወዲህ በሉ!"

እንዲህ አይነት ወግ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ርቦታል። ድፎውን ራሳቸው ቆረሱት። የመጀመሪያውን ቁራሽ፣ የላይኛውን ቅርፊት ያለበትን፣ ይዘው እሌኒ ፊት ቆሙ። አዩዋት። ያኔም ቢሆን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም።

"ጸሃይነሽ ጥሩ ስም ነበር" አሉ።

"ጥሩ ስም ነው እማማ።"

"ድመት ስናገኝ ለድመቷ ይሆናል። ብዪ፣ እሌኒ።"

ኪርያ ስሟን ስትሰማ እሷም እጇን ዘረጋች። ሰጧት። ከዚያ ሄለንም፣ ሌናም፣ ኤሌናም ዘረጉ፤ ድፎው ከግሪክ ዘመዶች አልተረፈም ብላ ኂሩት እስከ ዛሬ ታማለች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጣጣ የሳቸው ነው። አልታየሽ ብሎ የሚጠራቸውን አይሰሙም። ሳህሉን እንኳን፣ ለአጎቱ ስልክ ላይ "አልታየሽ ደህና ናት" ሲል ሰምተውት ሁለት ቀን አኮረፉት። ኂሩት ለምዶባት "እትዬ አልታየሽ" ስትል ፊት ለፊቷ ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ። ሻይ በጨው የጠጣ ሰው እልህ ይዞት ሲቀመጥ ማን ይችለዋል።

የዓይን ሕክምናው ቀጠሮ ደረሰና እሌኒ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ወሰደቻቸው። መጠበቂያው ክፍል ሙሉ ነው። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ "ሚስስ አልታየሽ" አለች፣ እንደ ምንም። እትዬዋ አልተንቀሳቀሱም። ነርሷ ደገመች። ደግማ ደገመች።

"እማማ፣ ተራዎ ነው።"

"እኔን አልጠራችም።"

"ፓስፖርትዎ ላይ እኮ እንደዚያ ነው የሚለው። ዓይንዎን ሊያዩልዎት ነው።"

"ፓስፖርቱን የሰጠኝ ደርግ ነው። ስሜን የሰጠችኝ እናቴ ናት። ሂጂና ንገሪያት።"

"ተራው ቢያልፍብዎትስ? ለመምጣት ያን ሁሉ ደጅ ጠንተው?"

"ይለፋ። እስከ ዛሬም በጭጋግ ነው ያየሁት።"

እሌኒ ምን ታድርግ። የራሷን እህል ነው የምታጭደው። ተነሥታ ነርሷ ዘንድ ሄደች፣ ቆማ አስተማረቻት፣ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል። ነርሷ ትዕግሥተኛ ነበረች። ከንፈሯን አሹላ ሞከረች፣ ተሰናከለች፣ ሳቀች፣ እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ ወደ ክፍሉ ዞር ብላ፣ ሦስት ቦታ የተሰበረ፣ ግን ሌላ የማንም ያልሆነ ስም ጠራች።

"አቤት!" አሉ ወይዘሮ ዕፀገነት። ክፍሉ በሙሉ ነው የሰማው። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። "ነይ እሌኒ፣ ክንዴን ያዢ።"

ጥግ ላይ አንዲት ነጭ አሮጊት፣ አንድ ዓይናቸው በጥጥ የተሸፈነ፣ እሌኒ ሲባል የራሳቸውን ስም የሰሙ መስሏቸው ቀና አሉና ከወንበራቸው ሊነሡ ተንደረደሩ።

ወይዘሮ ዕፀገነት እጃቸውን አወዛወዙላቸው።

"እርስዎን አይደለም እመቤቴ" አሏቸው በአማርኛ። "የኔይቱን ነው የጠራሁት።"